ስለ ክፉ ነገ የተጻፉ መጻሕፍት ምን ይጠቅሙናል?



በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ንጽሕና፥ ስለ ዛፍ መትከል፥ ስለ ጀግኖች ታሪክ የሚጻፈው ሁሉ በደስታ ይነበባል። እኔ ላቀርበው ያሰብሁት ጉዳይ ግን የእነዚህን ያህል የተወደደ አይደለም። ይኸውም ያልመጣን ክፉ ዘመን እንደ መጣ አድርገው የሚተርኩ ልብ ወለዶችንና በሥዕል የተዘጋጁ መጻሕፍትን ማንበብ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ ነው። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል እነዚህን መጻሕፍት የሚወድ ብዙ ነው፤ በወላጆች ዘንድ ግን ሦስት ነቀፌታ ይሰማል። አንደኛው «ሟርት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ጊዜ ማባከን ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ልጅን ተስፋ ያስቆርጣል» ይላል። ሦስቱም ልጅን ከመውደድ የመጡ ስለሆኑ በአክብሮት መልስ ሊሰጣቸው ይገባል። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር መጻሕፍት ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችን ደግሞ «ዓ.ም.» ተብሎ በእኛ አቈጣጠር ተጽፏል።

፩. ዲስቶፒያ ማለት ምን ማለት ነው?

ቶማስ ሞር የተባለ እንግሊዛዊ በ1516 በሐሳቡ ስለፈጠራት አንዲት ደሴት መጽሐፍ ጻፈ፤ ስሟንም ዩቶፒያ አላት። ቃሉን ያበጀው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው «የሌለ ስፍራ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዩቶፒያ የሚለው ቃል ሰው ሁሉ ተስማምቶና ጠግቦ የሚኖርበት የምኞት አገር መጠሪያ ሆነ። ዲስቶፒያ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ፥ «ክፉ ስፍራ» ማለት ነው። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከሳይንስ ነው፤ አዲስ መሣሪያ፥ አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ የአስተዳደር ዘዴ በሰው ልጅ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል እያሰቡ ይተርካሉ። ከብዙዎቹ አምስቱን ብቻ ልጥቀስ።

ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሰው ጊዜን በሚያቋርጥ መኪና ተሳፍሮ እስከ 802,701 ዓመት ድረስ ወደፊት ይሄዳል። በዚያም የሰው ዘር ከሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል፤ ከምድር በላይ ሥራ የማያውቁ ለስላሳ ፍጡሮች ይኖራሉ፤ ከምድር በታች ደግሞ መኪና የሚያንቀሳቅሱት ጨለማ ለምደው ይኖራሉ፤ በሌሊትም እየወጡ የላይኞቹን ይበላሉ። ዌልስ ይህን የጻፈው በዘመኑ በባለጸጋና በሠራተኛ መካከል የነበረውን ርቀት አይቶ ነው። ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን በ1920 እና በ1921 በጻፈው «እኛ» በተባለው መጽሐፍ ሰዎች በስም ፈንታ ቍጥር አላቸው፤ ምንም ነገር እንዳይሰወር ቤታቸው በመስተዋት የተሠራ ነው። ይህ መጽሐፍ በደራሲው አገር ለመታተም የበቃው በ1988 ነበር። አልደስ ሐክስሊ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃናት በጠርሙስ ውስጥ ይበቅላሉ፤ የወደፊት ማዕረጋቸውም ሳይወለዱ ይወሰናል፤ ያዘነ ሰው ቢኖር ሶማ የተባለውን ክኒን ውጦ ኀዘኑን ይረሳል። ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው «1984» ውስጥ መንግሥት የቆዩ ጋዜጦችን እያወጣ ይለውጣል፤ ሰው የሚያስብበት ቃል እንዲያጣም መዝገበ ቃላቱን በየጊዜው ያሳጥራል። ሬይ ብራድበሪ ደግሞ በ1953 ባሳተመው «ፋራናይት 451» የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራቸው እሳት ማጥፋት መሆኑ ቀርቶ መጻሕፍትን ማቃጠል ሆኗል።

እነዚህን ሁሉ ባስተያየሁ ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በአንዳቸውም ውስጥ ክፋቱ የገባው በክፋት ስም አይደለም። በዌልስ በምቾት ስም ገባ፤ በዛምያቲን በሥርዓት ስም፤ በሐክስሊ በደስታ ስም፤ በኦርዌል አገርን በመጠበቅ ስም፤ በብራድበሪም ማንም ሰው ቅር እንዳይለው በሚል ስም ገባ። ስለዚህ ዲስቶፒያ የፈረሰ ከተማ ታሪክ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ግማሹን ብቻ አይተዋል። ዋናው ጥያቄው «ይህ መልካም ስም ያለው ነገር ዋጋው ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው?» የሚል ነው።

፪. ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ሰዎች ይህ የፈረንጅ ፈጠራ ነው ይላሉ። ነገር ግን አባቶቻችን ፍካሬ ኢየሱስን ያውቃሉ። በዚያ ውስጥ ክፉ ዘመን እንደሚመጣ፥ ከዚያም በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይነገራል። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት በዚህ ምክንያት እንደሆነ የታሪክ መምህሮቻችን አስተምረውናል። በትንቢትና በልብ ወለድ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። ትንቢት «ይሆናል» ይላል፤ ልብ ወለድ «እንዲህ ከቀጠልን ሊሆን ይችላል» ይላል። «ከቀጠልን» የምትለዋ ቃል ነገሩን በእጃችን ላይ ትተወዋለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ቅርባችን ነው። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች መንግሥትን እንዳያውኩ በግሸን አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ይህ ወሬ በፖርቱጋላዊው መነኵሴ በዤሮኒሞ ሎቦና በሌሎች መንገደኞች በኩል ወደ አውሮፓ ደረሰ። የሎቦን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ታሪክ ጻፈ። ራሴላስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነው፤ በአማራ ምድር፥ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። ምግቡ፥ ዘፈኑ፥ የአትክልቱ ስፍራ ሁሉ ሙሉ ነው፤ በሩ ግን የብረት ነው። ልዑሉ ምንም ሳይጐድለው ያዝናል፤ በመጨረሻም ከእኅቱና ኢምላክ ከተባለው ባለ ቅኔ ጋር ተራራውን ቈፍሮ ይወጣል። ይህ መጽሐፍ ዛሬ ዲስቶፒያ ከሚባሉት ወገን ባይቈጠርም፥ ሐክስሊ ከ173 ዓመት በኋላ ያነሣው ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ሰው ጠግቦ ቢታሰር ደስ ይለዋልን? መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ናቸው።

እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች ይህን ስናነብ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸው ይኸው የእኛ ሰላ ድንጋይ ነበር። ንጉሡም እንደ ቀደሙት ነገሥታት ልማድ ወንድሞቻቸውን ከአንኮበር በታች ጎንቾ በተባለው እስር ቤት ያስጠብቁ ነበር። ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እርሱ በነበረበት ጊዜ ንጉሡ ወንድሞቻቸውን እንደ ፈቱ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። የአገሩ ሰላም እውነተኛ ነበር፤ ዋጋውን ይከፍሉ የነበሩት ግን በጎንቾ ውስጥ ነበሩ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይበልጣል። በጎጃም የተወለደው ደራሲ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በማኅፀን ያለ ፅንስ በዓለም ላይ ያለውን ግፍ አስቦ «አልወለድም» ብሎ ከእናቱ ጋር ይከራከራል። ብዙ የውጭ አገር ደራስያን የሚመጣውን ዘመን ለማየት መኪና ሠርተዋል፤ አቤ ግን መኪና አላስፈለገውም፤ ወደፊት የሚኖረውን ሰው ራሱን አናገረው። መጽሐፉ ታገደ፤ ከገበያም ተሰበሰበ። ደራሲው ራሱ ኋላ ወደ ኢሉባቦር በግዞት ተልኳል።

ስለ ብራድበሪም አንድ ነገር ልጨምር። በመጽሐፉ መጨረሻ መጻሕፍት የተቃጠሉባቸው ሰዎች በጫካ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይይዛሉ። ለፈረንጅ አንባቢ ይህ አስደናቂ ሐሳብ ነው። ለእኛ ግን የቆሎ ተማሪ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ዳዊት የሚደግም፥ ድጓን በቃሉ የሚያዜም ሰው በየደብሩ አለን። ብራድበሪ በሐሳቡ የፈጠረውን ጥበብ አባቶቻችን ብዙ መቶ ዓመት ኖረውበታል።

፫. በሥዕል ስለሚነበቡት መጻሕፍት

«ሥዕል ያለው መጽሐፍ የሕፃን ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የቅዱሳንን ገድል በተራ በተራ ሥዕል ሲያስተምር ኖሯል፤ ተመልካቾቹም አዋቂዎች ነበሩ። የንግሥት ሳባ ታሪክ በ44 ክፍል ተሥሎ በአንድ ሸራ ላይ ሲሸጥ ያላየ የለም። ከላይ በግራ ተጀምሮ እስከ ታች በቀኝ ድረስ ይነበባል፤ ይህ ከዛሬው ሥዕላዊ ልብ ወለድ አሠራር ጋር አንድ ነው።

በጃፓን ካትሱሂሮ ኦቶሞ ከ1982 እስከ 1990 «አኪራ»ን በሥዕል አሳትሟል፤ ከተማቸው ጠፍታ እንደገና በተሠራች ጊዜ ወጣቶች መሪና ዓላማ አጥተው ሲባክኑ ያሳያል። በአገራችንም በስራት ደበበ በ2018 በኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። በውስጡ አማኑኤል ጥላሁን የተባለ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ልዩ ኃይል ያገኛል። ጀምበር የክፉ ዘመን ታሪክ ሳይሆን የተስፋ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን የወደፊቱን ጊዜ በእኛ ፊደልና በእኛ ፊት መሣል እንደሚቻል አሳይቷል። ሥዕላዊ መጽሐፍ ያለው ልዩ ጥቅም ቋንቋው ለከበደው ሰው በር መክፈቱ ነው። ይህን እኔም በቤታችን አይቼዋለሁ።

፬. አያቴና የእንስሳቱ እርሻ

በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበትና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ፥ በስልካችን ላይ አስቀድመው የገቡት መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። የጆርጅ ኦርዌልን «የእንስሳት እርሻ» ያነበብሁት በዚያ ጊዜ ነው። መጽሐፉ በ1945 የታተመ ሲሆን ብራዚላዊው ሠዓሊ ኦዲር በሥዕል አዘጋጅቶታል። ሥዕሉን እያሳየሁ ታሪኩን ለአያቴ ነገርኋቸው።

አያቴ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ልጄ፥ የመጣው አይበቃምን? ያልመጣውን ደግሞ ለምን ትጠራዋለህ?» አሉኝ። ቢሆንም አዳመጡኝ። እንስሳቱ ገበሬውን አባርረው እርሻውን እንደያዙ፥ ሰባት ሕግጋትም በጎተራው ግድግዳ ላይ እንደጻፉ፥ ኋላ ግን አሳሞቹ በሌሊት እየተነሡ ሕጉን እንደለወጡት ነገርኋቸው። ያን ጊዜ አያቴ አቋርጠውኝ፥ «ለመሆኑ ግድግዳው ላይ ያለውን ማንበብ የሚችለው ስንቱ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ጥያቄ የመጽሐፉ ልብ ነበር። ከእንስሳቱ አብዛኛዎቹ በደንብ ማንበብ አይችሉም። ብርቱው ፈረስ አራት ፊደል ብቻ ለይቶ ቀርቷል። አህያው ግን ከአሳሞቹ እኩል ማንበብ ይችላል፤ «ማንበብ የሚገባው ነገር የለም» ብሎ ስለሚያስብ ዝም ይላል። አፉን የከፈተው ወዳጁ ፈረስ ወደ አራጅ ሲወሰድ በጋሪው ላይ የተጻፈውን ባየ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ረፍዷል።

አያቴ ፊደል የቈጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እንዲህም አሉኝ፤ «ፊደል ሳልቈጥር የግብር ደረሰኝ ሲሰጠኝ የተጻፈውን የሚነግረኝ ሌላ ሰው ነበር። እውነት ይንገረኝ ሐሰት በምን አውቃለሁ? እኔስ እሺ፥ አላውቅም ነበር። የዚህ አህያ ኃጢአት ግን ከአሳማው አያንስም። አሳማው ዋሸ፤ እርሱ እያነበበ ዝም አለ።» ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ መጽሐፉን ሟርት ብለው አያውቁም፤ እንዲያውም ለጎረቤት ሲተርኩት ሰምቻቸዋለሁ።

፭. ለሦስቱ ነቀፌታዎች መልስ

«ሟርት ነው» ለሚሉ፤ በእኛ ደጋ ገበሬ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ውርጭን ነው። ጥቅምት ሲብት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ካለ፥ ወላጆቻችን «ዛሬ ሌሊት ውርጭ ይጥላል» ይላሉ። እንዲህ በማለታቸው ውርጭ ያመጡ ናቸውን? አይደሉም። ስለ ውርጭ የሚናገር ገበሬ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር መርጦ ይዘራል፤ የማይናገረው ግን ገብሱ በእሸትነቱ ይጠቁርበታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶች ሟርተኞች አልነበሩም።

«ጊዜ ማባከን ነው» ለሚሉ፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ካለፉት ተማሪዎች ብዛት ከመቶ አራት እንኳ እንዳልሞላ ሁላችን እናስታውሳለን። ስለዚህ የወላጅ ጭንቀት ትክክል ነው። ሆኖም ፈተናው ረጅም ምንባብ አንብቦ የጸሐፊውን ሐሳብ መለየትን ይጠይቃል። ይህ ችሎታ የሚገኘው በማንበብ ነው። እኔ የእንስሳቱን እርሻ በእንግሊዝኛ ስጀምር በየገጹ መዝገበ ቃላት እገልጥ ነበር፤ ስጨርስ ግን በየሦስት ገጹ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ከመማሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ ይነበብ አላልሁም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ይነበብ እላለሁ።

«ተስፋ ያስቆርጣል» ለሚሉ፤ ከሦስቱ ይህ ይከብዳል። ከእኛ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ዛሬ በራሳቸው መንገድ «አልወለድም» እያሉ ነው። አንዳንዱ ትምህርቱን ትቶ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ በበረሃና በባሕር ለመሄድ ያስባል፤ አንዳንዱም በአገሩ ተቀምጦ ምንም ነገር አይመለከተኝም ይላል። እንዲህ ያለው ሐሳብ በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ የመጣ ነው። ነገር ግን ስለ አቤ ጉበኛ እናስብ። «አልወለድም» የሚለውን ቃል የጻፈው ሰው ራሱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ብዕር አነሣ፥ ጻፈ፥ አሳተመ፥ ዋጋውንም ከፈለ። ጨርሶ ተስፋ የቈረጠ ሰው ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፤ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ የሚሰማ ሰው አለ ብሎ የሚያምን ነው።

፮. እንዴት እናንብባቸው?

ጓደኞቼ ሆይ፤ እነዚህ መጻሕፍት እንደ ተረት ብቻ ከተነበቡ ጥቅማቸው ያንሳል። ስለዚህ እኔ ሳነብ የምጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መጽሐፉ የተጻፈው በስንት ዓመት ነው? ደራሲው በዘመኑ ምን አይቶ ፈራ? የወደፊቱ ዘመን መጽሐፍ ሁሉ በእውነቱ ስለ ደራሲው ዘመን የተጻፈ ነው።

ሁለተኛ፤ ክፋቱ የገባው በየትኛው መልካም ስም ነው?

ሦስተኛ፤ ምቾቱን የሚያገኘው ማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው? በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጎንቾ ፈልጉ።

አራተኛ፤ እያወቀ ዝም ያለው ማን ነው?

አምስተኛ፤ እኔ በዚያ አገር ብሆን የትኛውን ሰው እሆን ነበር? ይህ ጥያቄ መጽሐፉን በጎረቤታችን ላይ ጣት መቀሰሪያ እንዳናደርገው ይጠብቀናል።

መጽሐፉን ጨርሰን በልባችን ይዘን ከቀረን ግን ከአህያው አንሻልም። በእጃችን ያለው መጽሐፍ ጥቂት ስለሆነ፥ ያነበበ ላላነበበ በዕረፍት ሰዓት ይተርክለት፤ ፈረንጅኛ የማያውቁ ወላጆች በቤት ካሉ በአማርኛ ይነገራቸው፤ ከዚያም የሚሉትን በጥሞና እናዳምጥ። ኑሮን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ ስለሆኑ እኛ ያላየነውን ጥያቄ ይጠይቁናልና። በዚህ ደጋ ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ ፊደል ለመቍጠር እስኪሸብት ጠብቋል፤ እኛ በልጅነታችን አግኝተነዋል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የምንችል ሁላችን፥ ጋሪው ሳይመጣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንድናነብ አሳስባለሁ።